ስለ ልጆች ሒሳብ መማርና ስለ ዕውቀታቸው አመዛዘን

ልጅ ከተማሪ ቤት በተመለሰ ጊዜ ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት አገኘህ?» ብለው ነው። «ምን ተማርህ? የትኛው ነገር ገባህ? የትኛውስ አስቸገረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ በትምህርት ሁሉ ያለ ቢሆንም በሒሳብ ላይ ግን ይበረታል፤ ለምን ቢሉ የሒሳብ መልስ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው ፥ መካከለኛ ነገር የለውም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ስለዚህም በፈተናው ወረቀት ራስ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ነጥብ የልጁን ዕውቀት ፈጽሞ የሚገልጽ መስሎ ይታያል።

ነጥብ መስጠት አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ነጥብ ልጁ የት እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ በየት በኩል እንደ ሄደ አይናገርም። በየት በኩል እንደ ሄደ ካልታወቀ ደግሞ የሳተውን ለመመለስ ፥ ያልሳተውንም ለማጽናት ያስቸግራል። በዚህ ዓመት በቤታችን የደረሰው ነገር ይህን እንድንመረምር ስላደረገን ፥ ያየነውንና ያነበብነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ፥ ይልቁንም ልጆቻቸውን በማስተማር ለሚደክሙ እናቶችና አባቶች ልንገልጽ ወደድን።

በቤታችን 3 ልጆች አሉ። ታላቁ ወንድ ልጅ በ6ኛ ክፍል ፥ መካከለኛይቱ ሴት ልጅ በ4ኛ ክፍል ፥ ታናሹም በ1ኛ ክፍል ይማራሉ። በትምህርቱ ዓመት አጋማሽ ላይ ከሴት ልጃችን ተማሪ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣልን። ቃሉም «ልጅዎ በሒሳብ ትምህርት ደካማ ሆና ስለ ተገኘች ከሚመጣው ወር ጀምሮ ወደ ደካሞቹ ተማሪዎች ክፍል ተዛውራ እንድትማር ታስቧልና መጥተው ይፈርሙ» የሚል ነበረ። ከደብዳቤው ጋራ በተያያዘው የፈተና ወረቀት ላይ 10 የመቀነስ ጥያቄዎች ነበሩ፤ 4ቱ ልክ ፥ 6ቱ ስሕተት ሆነዋል። ልጅቱ ደብዳቤውን ስትሰጠን አላለቀሰችም፤ ነገር ግን «አባዬ ፥ እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርሁም፤ ሌላ ነገር እማራለሁ» አለች። ዕድሜዋ ገና 10 ዓመት ነው። ከነጥቡ ይልቅ ይህ ቃልዋ አስደነገጠን። ሕፃን ልጅ ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ፍርድ ከፈረደ በኋላ ፍርዱን ለማስለወጥ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ እናውቃለንና።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት አንድ ማታ ከእራት በኋላ ወረቀቱን ከርስዋ ጋራ ተቀምጠን ተመለከትነው። ለማረም ሳንቸኩል ፥ እያንዳንዱን መልስ እንዴት እንዳገኘችው እንድትነግረን ጠየቅናት። 68 ሲቀነስ 25 ፥ 43 ብላ ልክ ሠርታለች። 52 ሲቀነስ 27 ግን 35 ብላለች፤ 81 ሲቀነስ 46 ፥ 45 ብላለች፤ 403 ሲቀነስ 168 ፥ 365 ብላለች። ምክንያቱንም ስትገልጽ «ከ2 ላይ 7 አይነሣም፤ እንግዲህ ከ7 ላይ 2ን አነሣሁ። ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹ ይቀነሳል» አለች። የቀሩትን ስንመለከት ስድስቱም ስሕተቶች ከዚህ ካንድ ሐሳብ የመጡ ሆነው ተገኙ። ልክ የሆኑት አራቱ ደግሞ በየዓምዱ የላይኛው አኃዝ ከታችኛው ስለሚበልጥ መበደር የማያስፈልጋቸው ናቸው። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ 6 ስሕተት ቢቈጠርም በልጅቱ ልብ የነበረው ስሕተት አንድ ብቻ ነው።

ይህም በልጃችን ብቻ የደረሰ አይደለም። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የሚባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ፥ ልጆች በመቀነስ ሒሳብ የሚሠሩት ስሕተት ብዙውን ጊዜ እንዲያው በዘፈቀደ የሚመጣ እንዳይደለ አሳይተዋል። ልጁ በልቡ የያዘው አንድ የተሳሳተ ሥርዓት አለ፤ ያንንም ሥርዓት ሳያዛንፍ ይከተለዋል። የላይኛውንና የታችኛውን ሳይለዩ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን መቀነስ ከነዚህ ከታወቁት ሥርዓቶች አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገን «52 ብር ይዘሽ ሱቅ ብትሄጂና የ27 ብር ዕቃ ብትገዢ ባለሱቁ ስንት ይመልስልሻል?» አልናት። ጥቂት አሰበችና «ከ27 እስከ 30 ሦስት ፥ ከ30 እስከ 50 ሃያ ፥ እስከ 52 ደግሞ ሁለት፤ 25 ብር» ብላ መለሰች። ከዚያም ማንም ሳይነግራት ወረቀቱን ወደ ራስዋ ስባ አየችና «ታዲያ እዚህ ለምን 35 አልሁ? 35 ብር ከመለሰልኝ ባለሱቁ ይከስር የለም እንዴ?» አለች። ጥያቄው ከራስዋ የመጣ ስለሆነ የኛ ድካም ቀለለ። አምስት ባለ 10 ብርና ሁለት ዝርዝር ብር በጠረጴዛው ላይ አኖርንላትና 27 ብር እንድታነሣ አዘዝናት። 7ቱን ለማንሣት አንዱን ባለ 10 መዘርዘር እንደሚያስፈልግ ባየች ጊዜ ፥ መበደር የሚባለው ነገር ገንዘብ እንደ መዘርዘር ያለ መሆኑን ተረዳች።

ልጅ በገበያ የሚያውቀውን ሒሳብ በወረቀት ላይ የማያውቅ መምሰሉ በሌላ አገር በሰፊው ተመርምሯል። በብራዚል አገር በሬሲፊ ከተማ ቴሬዚኛ ካራሄር ፥ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በመንገድ ዳርና በገበያ የሚነግዱ 5 ልጆችን ጠይቀው ያገኙትን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. አሳትመዋል። የልጆቹ ዕድሜ ከ9 እስከ 15 ዓመት ነበረ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ገዢ ሆነው ስለ ዋጋና ስለ መልስ ጠየቋቸው፤ በኋላም ያንኑ ሒሳብ በወረቀትና በእርሳስ እንዲሠሩት ሰጧቸው። በገበያው ላይ ልጆቹ ከ100 ጥያቄ 98.2 ያህሉን ልክ መለሱ። ጥያቄው እንደ ተማሪ ቤት በታሪክ መልክ ተጽፎ ሲቀርብላቸው ልክ የሆነው 73.7 ከመቶ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሲሰጣቸው ግን ወደ 36.8 ከመቶ ወረደ። ከነዚሁ ልጆች አንዱ 10 የኮኮናት ፍሬ እያንዳንዱ በ35 ክሩዜሮ ስንት እንደሚሆን ተጠየቀ። ተማሪ ቤት እንደሚያስተምረው በ35 ጫፍ ላይ ዜሮ አልጨመረም፤ የሦስቱን 105 ፥ የስድስቱን 210 ፥ የዘጠኙን 315 እያለ በመጨረሻ 350 ብሎ ደረሰበት። እነዚህን ልጆች በወረቀቱ ብቻ የመዘናቸው ሰው ሒሳብ አያውቁም ብሎ በፈረደባቸው ነበር።

የታላቅ ወንድምዋ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። እርሱ በክፍልፋይ ሒሳብ ፈተና ከ10 ጥያቄ 9 አግኝቶ የተመሰገነ ነው። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ቢሉት ሳያመነታ 5/6 ብሎ ይጽፋል። በዚያው ሰሞን ሴት አያቱ ድፎ ዳቦ እየቈረሱ ሳሉ «ልጄ ፥ ከዚህ ዳቦ ሲሶውን ልስጥህ ወይስ ሩቡን?» አሉት። ቃሉ እንግዳ ስለሆነበት እኛ «1/3 ወይስ 1/4 ማለታቸው ነው» ብለን ገለጽንለት። እርሱም «1/4 ይሁንልኝ ፥ 4 ከ3 ይበልጣል» አለ። አያቱ ሳቁና «ዳቦውን ለ3 ሰው ባካፍለውና ለ4 ሰው ባካፍለው የማንኛው ድርሻ ይበልጣል?» ብለው በዳቦው ላይ በቢላዋ ምልክት አድርገው አሳዩት። ልጁ ያን ጊዜ ነገሩን አስተዋለና አፈረ። አያቱ ተማሪ ቤት የገቡ አይደሉም፤ ነገር ግን እኩሌታ ፥ ሲሶና ሩብ የሚባሉትን ቃላት ከእርሻና ከገበያ ያውቋቸዋል። ስለዚህም የፈተናው ወረቀት ያልጠየቀውን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። 9 ያገኘው ልጅ ክፍልፋይን የሚደምርበትን ሥርዓት ያውቃል ፥ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቀም ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ስታንሊ ኤርልዋንገር የሚባሉ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ገልጸውታል። የጻፉትም ቤኒ ብለው ስለ ሰየሙት ስለ አንድ የ12 ዓመት የአሜሪካ ልጅ ነው። ቤኒ ይማርበት የነበረው ሥርዓት ተማሪው ለብቻው እየሠራ ፥ ተፈትኖም ከ100 ጥያቄ 80 ሲመልስ ወደሚቀጥለው ትምህርት የሚያልፍበት ነው። በዚህ ሥርዓት ቤኒ ከብዙ ጓደኞቹ ቀድሞ ስለ ሄደ ጐበዝ ተማሪ ተብሎ ይታወቅ ነበር። ኤርልዋንገር ቀርበው በቃል በጠየቁት ጊዜ ግን 2/10ን ወደ አስርዮሽ ቁጥር ለመለወጥ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ደምሮ 1.2 ነው አለ፤ 0.3 ሲደመር 0.4 ደግሞ 0.07 ነው አለ። በፈተናው ብዙ መልስ ልክ ማግኘቱ ይህን ሁሉ ሸፍኖት ቈይቷል። እንግዲህ ዝቅተኛ ነጥብ ዕውቀትን እንደሚሰውር ሁሉ ከፍተኛ ነጥብም አለማወቅን ሊሰውር ይችላል።

ከዚህ በኋላ የልጃችንን ወረቀት ይዘን አስተማሪዋን ልናነጋግር ሄድን። እርሳቸውም በደስታ ተቀበሉን፤ ነገር ግን «በክፍሌ ከ50 የሚበልጡ ልጆች አሉ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እናንተ ልጃችሁን እንደ ጠየቃችኋት እኔ ሁሉን ልጠይቅ ብል ለያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም» አሉን። ደግሞም «በቃል ብቻ የመዘንን እንደሆነ ደፋሩ ልጅ ዐዋቂ ይመስላል ፥ ዐይን አፋሩ ይጎዳል። ወረቀት ግን የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም ፥ ለድኻውም ለባለጸጋውም እኩል ነው» አሉ። ይህ ቃላቸው እውነት ነው። የጽሑፍ ፈተና ከአድልዎ የሚጠብቅ አጥር ስለሆነ ይቅር የሚል ሰው ካለ እኛ ከርሱ ጋራ አንስማማም።

ይሁን እንጂ አስተማሪዋ ራሳቸው አንድ መልካም ዘዴ አገኙ። የተማሪዎቻቸውን ወረቀት እንደ ገና አውጥተው ፥ በነጥብ ብዛት መደርደሩን ትተው በስሕተቱ ዓይነት ለዩት። 52 ሲቀነስ 27ን 35 ያሉትን ባንድ ወገን ፥ መበደሩን ጀምረው የተበደሩትን መቀነስ የረሱትን በሌላ ወገን ፥ በመቍጠር ብቻ የሳቱትን ደግሞ ለብቻ አኖሩ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ክምር ከልጃችን ሌላ ብዙ ልጆች ያሉበት ሆነ። ሁሉን አንድ ባንድ ሳይጠይቁ ፥ ከየክምሩ 2 ወይም 3 ልጆችን ብቻ ጠርተው አሳባቸውን ሰሙ፤ ከዚያም ለየወገኑ የሚሆነውን ትምህርት አሰናዱ። የልጃችን መዛወር ነገር እስከ ትምህርቱ ዓመት መጨረሻ እንዲቈይ ከርሳቸውና ከዲሬክተሩ ጋራ ተስማማን። በሚቀጥለው ፈተና ልጅቱ ከ10 ጥያቄ 7 አገኘች። የቀሩትን 3 የሳተችው በ403 ዓይነት ቁጥር ላይ ነው፤ ከዜሮ መበደር ገና ያስቸግራታል። ነገር ግን ዛሬ የሚያስቸግራትን ነገር በስሙ ጠርታ ትነግረናለች ፥ ለሒሳብ አልተፈጠርሁም ማለቱንም ትታለች።

ልጆችን እየቀረቡ በቃል መጠየቅ ለብዙ ሕዝብ አይሆንም የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በሕንድ አገር ፕራታም የሚባል ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አሴር የሚባል ምርመራ ያደርጋል። ጠያቂዎቹ ወደየመንደሩ ሄደው ልጆችን በቤታቸው አንድ ባንድ ይጠይቃሉ። የሚጠየቀውም ጥቂት ነው፤ ይኸውም ባለ አንድና ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር መለየት ፥ መበደር ያለበት የባለ ሁለት አኃዝ መቀነስና ባለ ሦስት አኃዝን በባለ አንድ አኃዝ ማካፈል ነው። ይህንኑ አብነት አድርጎ ኡዌዞ የሚባለው ሥራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. በኬንያ ፥ በታንዛኒያና በዩጋንዳ ተቋቁሟል። ልጁ በየትኛው ክፍል እንደ ተመዘገበ ሳይሆን በየትኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ሥራውን እንደሚሠራ ማወቅ የተቻለው በዚህ ዓይነት ነው።

በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎች በየጊዜው በተከታታይ እንዲመዘኑ ወስኖ ነበር። ሥራው ግን በብዙ ቦታ ትንንሽ ፈተናዎችን ማብዛት ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ፤ አንድ ትልቅ ፈተና በ10 ትንንሽ ፈተና ቢለወጥ ልጁ እንዴት እንደሚያስብ ካልተጠየቀ የአመዛዘኑ ጠባይ አልተለወጠም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በተገለጸ ጊዜ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው አገሩን ሁሉ አሳዝኗል። ያ ቁጥር ስንት ልጆች እንደ ወደቁ ነገረን፤ እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ክፍል ፥ በየትኛው አሳብ ላይ መንገዱን እንደ ሳተ ግን ከ12 ዓመት በኋላ ከሚመጣ ቁጥር ሊገኝ አይችልም። ይህን ማግኘት የሚቻለው ልጁ ገና የመቀነስን ሒሳብ በሚማርበት ጊዜ ነው።

የልጅን አሳብ በቃል መስማት ለኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የንባብ ተማሪ በየኔታ ፊት ቀርቦ ሲያነብ የኔታ እየሰሙ የሳተበትን እዚያው ያቀኑለታል። የቅኔ ተማሪም ያሰበውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ነግሮ ይታረማል። ይልቁንም የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ለያዝነው ጉዳይ መልካም ምሳሌ ነው። ተማሪው የ2018 ዓ.ም.ን አበቅቴና መጥቅዕ እንዲያወጣ የታዘዘ እንደሆነ 5500ን በ2018 ላይ ደምሮ 7518 ይላል፤ ይህን ለ19 ሲያካፍል 13 ይተርፈዋል፤ ከ13 ላይ 1 ለዘመን አትቶ ወንበሩን 12 ያደርጋል። 12ን በ11 አባዝቶ ከ132 ላይ 30 30ውን ሲገድፍ አበቅቴው 12 ይሆናል፤ 12ን በ19 አባዝቶ ከ228 ላይ እንዲሁ ሲገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለሚሆኑ ፥ ተማሪው 12ና 18ን ደምሮ ልክ መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል። ሒሳቡ ሲሠራ መንገዱ በቃል ይነገራል ፥ መፈተኛውም በተማሪው እጅ ነው። በቀድሞው ትምህርት በልጆች ላይ ብርቱ ቅጣት እንደ ነበረበት አንዘነጋም፤ ቅጣቱን ትተን ማዳመጡን ብንይዝ ግን እንጠቀማለን።

አሁን በቤታችን የምናደርገውን ጥቂት ነገር እንገልጻለን። አንደኛ ፥ «ይህን እንዴት አሰብኸው?» የሚለውን ጥያቄ መልሱ ልክ በሆነም ጊዜ እንጠይቃለን። በስሕተት ጊዜ ብቻ የጠየቅን እንደሆነ ልጁ ገና ጥያቄውን ሲሰማ ስቻለሁ ብሎ መልሱን ያጠፋል።

ሁለተኛ ፥ ሒሳቡ ከመሠራቱ በፊት መልሱ ስንት ያህል እንደሚሆን እንዲገምቱ እናደርጋለን። ከ400 ላይ 150 የሚያህል ሲነሣ 365 ሊቀር እንደማይችል የገመተ ልጅ የራሱ አራሚ ይሆናል።

ሦስተኛ ፥ ብዙ መልስ ያለውን ጥያቄ እንጠይቃለን። «52 ሲቀነስ 27 ስንት ነው?» በማለት ፈንታ «ልዩነታቸው 25 የሆነ ሁለት ቁጥሮች አምጡ» እንላለን። አንዱ ልጅ እየሞከረ አንድ ጥንድ ብቻ ያገኛል፤ ሌላው 26ና 1 ፥ 27ና 2 ፥ 28ና 3 እያለ ማለቂያ እንደሌለው ያስተውላል። በዚህ ጊዜ የሁለቱ ልጆች ዕውቀት ልዩነት ያለ ነጥብ ይታያል።

አራተኛ ፥ ታላቁ ታናሹን እንዲያስተምር እናደርጋለን። የ1ኛ ክፍሉ ልጃችን «ሁለት መቶ አምስት» ሲባል 2005 ብሎ ይጽፍ ነበር። እኅቱ ለምን እንደ ሆነ እንድትመረምር አዘዝናት፤ እርስዋም ጥቂት ቈይታ «200ን ጽፎ ከአጠገቡ 5ን ጨመረ ፥ የሰማውን ነው የጻፈው» ብላ ነገረችን። የሰውን ስሕተት ምክንያት ያገኘ ልጅ የቁጥርን ቤት ምን ያህል እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገውም።

አምስተኛ ፥ በሥራና በጨዋታ ጊዜ እናስተውላለን። ገበጣ ሲጫወት ጠጠሩን አንድ ባንድ የሚቈጥር ልጅና መጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ የሚያይ ልጅ አንድ አይደሉም። ጠረጴዛውን ልጁ በስንዝሩ ሲለካው 9 ፥ አባቱ ሲለካው 6 የሆነ እንደሆነ «ጠረጴዛው አንድ ሲሆን ቁጥሩ ለምን ተለያየ?» ብሎ መጠየቅ ስለ መለኪያ ያለውን ዕውቀት ይገልጠዋል።

ስድስተኛ ፥ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር አለን። በየወሩ ቀኑን ጽፈን «ይህን ችሏል ፥ ይህ ቀርቶታል» የሚል 2 ወይም 3 መሥመር እንጽፍበታለን፤ ነጥብ አንጽፍበትም። ስለዚህም ምክንያት አለን። ሩት በትለር የሚባሉት ተመራማሪ በእስራኤል አገር አጥንተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. እንዳሳተሙት ፥ የምክር ቃል ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ሥራቸውም ለሥራው ያላቸውም ፍላጎት ተሻሽሏል፤ ነጥብ ብቻ የተሰጣቸው እንዲህ አልሆኑም፤ ነጥብና ምክር ባንድነት የተሰጣቸውም ከምክሩ ጥቅም አላገኙም። ጥናቱ በሒሳብ ላይ የተደረገ ባይሆንም ፥ ቀዩ ቁጥር ካለ ልጁ ከቁጥሩ በታች የተጻፈውን ምክር ልብ እንደማይል በቤታችን አይተነዋል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ የምንጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ፤ ቤታችንን ሁለተኛ የፈተና አዳራሽ እንዳናደርገው እንጠነቀቃለን። 10 ደቂቃ ይበቃል። ልጁ በደከመው ጊዜ እንተወዋለን፤ ለእንግዳ ፊትም አቅርበን አንጠይቀውም። ወላጅ ሒሳብ ባያውቅም ይህን ከማድረግ የሚከለክለው ነገር የለም። የልጁን አሳብ ለማዳመጥ ትዕግሥት እንጂ ዲፕሎማ አያስፈልግም ፥ ሲሶና ሩብን የጠየቁት አያት ለዚህ ምስክር ናቸው።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ ፥ ልጃችሁ የሒሳብ ወረቀት ይዞ በመጣ ጊዜ በወረቀቱ ራስ ላይ ያለውን ቁጥር ካያችሁ በኋላ አትቁሙ። ከጥያቄዎቹ አንዱን ምረጡ፤ ልክ የሆነውንም ቢሆን ፥ የሳተውንም ቢሆን። «እስኪ ይህን እንዴት እንዳሰብኸው ንገረኝ» በሉትና ፥ እስኪጨርስ ድረስ ሳታቋርጡ ስሙት።